ጥቁር ሞተርና የሚጠርገው እጅ

ልጄ፣ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ጥቁሩን ሞተርህን በራፌ ላይ አቁመህ ስትገባ ፀሐይዋ ታንኩ ላይ አርፋ ነበር። ዙሪያዋን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከቧታል። አንተም ዐይንህን ከዚያ አልነቀልህም። ዕድሜዬን ቀለም ስቀባ የኖርሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ያ ድር ከፋብሪካ አልመጣም። ያመጣኸው አንተው ነህ፤ ያውም ስለምትወደው። በየማለዳው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋለህ። አቧራ የደቀቀ አሸዋ ነው፤ ጨርቅ ሥር ሲገባ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ጭረቱ በየአቅጣጫው ቢሆንም ብርሃን የሚያሳየው ከፊቱ የተጋደመውን ብቻ ስለሆነ ክብ ይመስላል። ነጭ ሞተርም ይጫራል፤ ጥቁር ግን እንደ መስታወት ነውና አይሸሽግልህም። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ።

ደግነቱ ጥቁሩ ቀለም አልተነካም። የተጫረው ከላዩ ያለው፣ እኛ ቀቢዎች ክሊር የምንለው ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከራስ ፀጉርህ ይቀጥናል። እውነተኛ ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላውም፤ ዙሪያውን በጥቂቱ ልጎ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። እንግዲህ ባሸህ ቁጥር ከማይተካ ጥሪት እየቀነስህ ነው። በወጣትነቴ አንዲት ጭረት አልለቅ ብላኝ የታንክ ጠርዝ ስፈትግ ውዬ የሥሩ ግራጫ ቀለም ብቅ አለ። ታንኩን እንደ አዲስ ቀባሁት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ያን ቀን ገባኝ።

ስለዚህ ረጋ ብለህ ሥራ። መጀመሪያ ሞተሩን ጥላ ውስጥ አቁመህ አብርደው። ውሃ አፍስስበትና አቧራው ሳይነካ ይውረድ። ሁለት ባልዲ አዘጋጅ፤ አንዱ የመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ስፖንጁን የምታለቀልቅበት ንጹሕ ውሃ። በሻምፑው በስፖንጅ አጥበህ አለቅልቀውና በለስላሳ ማይክሮፋይበር ፎጣ አድርቀው። ከዚያ ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አሻግረህ ጎትት። ጥፍርህን ከያዘው ጥልቅ ነው፤ በፖሊሽ አትታገለው። ካልያዘው ይለቃል።

ከፖሊሽ ሁሉ ደቃቁን ምረጥ። መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ሞክረው፤ ጥቂት ጠብታ በስፖንጅ ይዘህ በቀላል ግፊት ቁልቁልና አግድም እሽ። የታንኩን ጠርዝና ተለጣፊ ጽሑፉን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ ቀለም የሚሳሳው ጠርዝ ላይ ነው። ፍሬንና ጎማ ላይ እንዳይረጭ ተጠንቀቅ፤ ሕይወትህ ያለው እዚያ ነው። የማያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነማ ፖሊሽ አታስጠጋው፤ ጠባዩን ያጣል።

የፖሊሹ ቅባት ጭረቱን ሸፍኖ ሊያታልልህ ይችላል። አልኮል ግማሽ በግማሽ በውሃ አቅጥነህ ጥረገውና ፀሐይ ላይ እየው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»። ድሩ ከሳሳ ድገመው፤ ከጠፋ አቁም። አንዲት ቀጭን ጭረት ብትቀር ተዋት፤ ክሊሩ ከእሷ ይበልጣል። በመጨረሻ ሰም በስሱ ቀባው።

ይህ ሁሉ ግን እጅህ ጠባዩን ካልለወጠ የአንድ ወር ጌጥ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፣ ነገ ጠዋት አቧራውን ስታይ መጀመሪያ ውሃ አንሳ። ያን ደረቅ ጨርቅ ደግሞ ዛሬውኑ ጣልልኝ፣ ልጄ።