በሄሮድስ ማዕድ የተቀመጡ እንግዶች

በወረታ በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ አንድ ወጣት፣ ሕዝቡን በሚያስጨንቅ መንግሥት አገር የስፖርት ቡድን ሄዶ ቢጫወት ኃጢአት ይሆንበታልን? ሲል ጠየቀ። አንድ አረጋዊ ካህንም፣ ጌታችን ወደ ዘኬዎስ ቤት ገብቶ የለምን? ብለው መለሱለት።

መልሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ሄሮድስ ግን ዮሐንስን ያስገደለው ስለ መሐላውና አብረውት በማዕድ ስለ ተቀመጡት ሰዎች ይሉኝታ ይዞት እንደ ሆነ ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎልናል። እንግዶቹ ሰይፍ አላነሡም፤ መቀመጣቸው ብቻ ለግፉ አገለገለ።

ነገሩን ወደ ፎገራ ሜዳ እናምጣው። ሩዙ ታጭዶ ልጆች ገና ሊጫወቱ በተሰለፉ ጊዜ የአንዱ ወገን አለቃ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ከእኛ ጋር ዱላ አይዝም ቢል፣ ከእርሱ ጋር መጫወት ፍርዱን ማጽደቅ አይደለምን? (እንዲህ ያለው ንቀት በእኛም አገር እንደ ነበረ አንርሳ።)

በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ ያን ጊዜ ጽድቁ ምንም አላስከፈለንም። ክፍያው የመጣው በ1968 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 9 ቀን በሶዌቶ ተማሪዎች መገደል ከጀመሩ በኋላ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዚያው አገር እየተዘዋወረ ተጫወተ። ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ባለመታገዷም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ቀሩ። ምሩጽ ይፍጠር የደከመበት ቀረበት፤ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ያገኘው በ1972 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ አለ። በዚያው በ1968 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደርግ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አስሮ ነበር። በሐምሌ ስለ ሶዌቶ ልጆች የተቆጣው መንግሥት የገዛ አገሩን ፓትርያርክ በእስር ይጠብቅ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም.ም ገደላቸው። እንግዲህ እምቢታው ከንቱ ነበርን? እኔስ አይመስለኝም። የከለከለው እጅ ንጹሕ ባይሆንም የሶዌቶ እናቶች እንባ እውነተኛ ነበር፤ ግፉ ከደረሰባቸው ወገኖችም ብዙዎች፣ ከገዢዎቻችን ጋር አትጫወቱ እያሉ ይለምኑ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ከሴኡል ስንቀር ግን የመንግሥታት ወገንተኝነት እንጂ እንዲህ ያለ ልመና አልነበረም፤ የሯጮቻችን ድካም በከንቱ ቀረ።

ወጣቱ፣ እንግዲያው ይሂዱ ነው ወይስ ይቅሩ? አለኝ። በዚያ አገር የታሰሩት ምን ይላሉ? ብዬ ጠየቅሁት። አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም። ካህኑ ግን፣ እርሱን ሳትጠይቁ ነው ወይ ይህን ያህል የተከራከራችሁት? ብለው ገሠጹን።