የውዱእ ውኃ ወዴት ይፈሳል?

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በቅርስነት የመዘገበው ጀጎል በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊዶች አሉት። በየቀኑ አምስት ጊዜ ውዱእ ይደረግባቸዋል። ሳሙና ያልነካው ያ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲደርቅ የደረሰብንን ጥም ረሳነውን?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ሐረሪ በበሮቹ እየወጣ ከግንቡ ውጭ አትክልት ሲያለማ ኖሯል። በሠርግና በቀብር የሚረዳዳበት አፎቻም አለው። ታዲያ አፎቻው ለተክል የማይሰበሰብበት ምክንያት ምንድን ነው? ከመስጊዱ ቁልቁል ቦይ ቢቀየስ፣ ጎመኑና ሎሚው በጋራ ቢተከል፣ ለአዛውንትና ለሕፃናት ጥላ ያለው መቀመጫ መሐሉ ላይ ቢተው፣ ምርቱም አስቀድሞ ለየቲሞች ቢደርስ! (ጫት እንዳይተከልበት ግን ከወዲሁ እንስማማ።)