የናቡቴ ርስትና የቻጎስ ሕዝብ



ንጉሥ አክዓብ ለናቡቴ ያቀረበለት ዋጋ ጥቂት አልነበረም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ገንዘብ ሊሰጠው ፈቅዶ ነበር። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጠም (1ኛ ነገ. 21)።

አብዛኞቹ ካቶሊካውያን የሆኑት የቻጎስ ደሴቶች ነዋሪዎች ግን እንቢ የማለት ዕድል እንኳ አላገኙም። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 ብሪታንያ በዲዬጎ ጋርሲያ የአሜሪካ ጦር ሰፈር እንዲሠራ ስትል ሕዝቡን በመርከብ ጭና ወደ ሞሪሺየስና ወደ ሲሸልስ አጋዘች። በ1982 የ4 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተፈቀደ፤ ይሁን እንጂ የአባቶች መቃብርና ልጆች የተጠመቁበት ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ አይተካም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ብሪታንያና ሞሪሺየስ የፈረሙት ውል ሞሪሺየስ ሕዝቡን በሌሎቹ ደሴቶች እንድታሰፍር ሲፈቅድ፥ ዲዬጎ ጋርሲያን ለይቶ አስቀረ። ባለ ርስቶቹም በድርድሩ አልተቀመጡም።

እንግዲህ ተፈናቃይን ወደ ምድሩ መመለስ ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምር። ስለ ርስቱም ሲመከር ባለ ርስቱ ይሰማ። ናቡቴ ተገድሎ ዝም ባለ ጊዜ እግዚአብሔር ኤልያስን ልኮ ተናግሮለታል፤ እኛም በጸሎታችንና በቃላችን ዝም አንበል።

የጌታችን ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።