የወንጀል ልብ ወለድ ማዋስ

እ.ኤ.አ. በ1965 ስዊድን ውስጥ የታተመው «ሮዝአና» የተባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው በሙታላ ከተማ አጠገብ፣ ከዮታ ቦይ ደለል ሲጠረግ በወጣ የሴት ሬሳ ነው። በገላዋ ላይ ልብስ የለም፤ ማንነቷን የሚናገር ወረቀት የለም፤ ጠፋችብን ብሎ የሚፈልጋትም የለም። መርማሪው ማርቲን ቤክና ባልደረቦቹ ገዳዩን ከማሰሳቸው በፊት ሟቿ ማን እንደሆነች ለማወቅ ብቻ ወራት ይፈጅባቸዋል። በመጨረሻ ስሟ ከአሜሪካ ይደርሳል። ሮዝአና ማግሮው ትባላለች፤ በኔብራስካ ግዛት፣ በሊንከን ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች።

የመጽሐፉ ደራሲዎች ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ነበሩ። ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ሌሊት እየተቀመጡ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀባበሉ ጻፉ። በአሥር ዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ምዕራፍ ያላቸው አሥር መጻሕፍት አወጡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚነበበው የስዊድን የወንጀል ልብ ወለድ የተቃኘው ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ሰው ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ አያኖረውም። «አንብበው፤ መጨረሻውን ግን አልነግርህም» ብሎ ለወዳጁ ያውሰዋል። ድርጊቱ የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም እንጂ ከባድ ጥያቄ አለበት። ሰው የተገደለበትን ታሪክ እየተደሰቱ ማንበብ፣ አልፎም ያንን ደስታ ለሌላ ማካፈል ነውር የለበትም?

ጥያቄው የቆየ ነው። አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ውስጥ የወጣትነት ዘመኑን፣ የካርታጎን ቲያትር ቤቶች እያስታወሰ ራሱን ይመረምራል። ሰው በራሱ ላይ እንዲደርስ የማይፈልገውን መከራ መድረክ ላይ ሲያይ ለምን ደስ ይለዋል? ተመልካቹ እንዲያለቅስ ይጋበዛል እንጂ የሚረዳው ሰው ፊቱ የለም፤ ስለዚህ ኀዘኑ ፍሬ አያፈራም። ይህ ክስ የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢንም ይነካል። ገጣሚው ኦደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ድርሰት፣ ራሱም የእነዚህ መጻሕፍት ሱሰኛ መሆኑን ሳይሸሽግ፣ ከሌላ ወገን መጣበት። በእሱ አስተያየት አንባቢውን የሚስበው የኃጢአት ስሜቱ ነው። ገዳዩ ሲታወቅ የቀሩት ሁሉ ንጹሐን ይሆናሉና አንባቢውም ከእነሱ ጋር ነጻ የወጣ ይመስለዋል።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ጉዳዩ ግን በዚህ አያልቅም። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የሶስናን ታሪክ ያውቃል። ሁለት ሽማግሌዎች በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት ይመሰክራሉ፤ ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ሲጠይቃቸው መልሳቸው አልገጥም ይላል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1928 ምርጥ የምርመራ ታሪኮችን ስትሰበስብ ይህንንም አስገብታዋለች። ሶስናን የሚያነብ ሰው ልቡ የሚያርፈው ውሸት ሲያዝና ንጹሕ ሰው ከሞት ሲተርፍ ነው። ለእውነት መውጣት መደሰት ነውር ሊሆን አይችልም። ሮዝአና ግን እንደ ሶስና አልታደለችም፤ መርማሪው የደረሰው ከሞተች በኋላ ነው። ሊደረግላት የቀረው ማን እንደነበረች መታወቅ ብቻ ነው፤ ደራሲዎቹም በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ሰፊ ቦታ ሰጡት። ሟችን እንደ እንቆቅልሽ ዕቃ የሚጠቀም መጽሐፍ የአውግስጢኖስ ወቀሳ ይገባዋል። ሟችን ሰው አድርጎ የሚመልስ መጽሐፍ ግን ከዚያ ወቀሳ ነጻ ነው።

የኦደንን ሐሳብ የሚፈትነው ሌላው ስዊድናዊ ደራሲ ሄኒንግ ማንኬል ነው። ስለ መርማሪው ቫላንደር የጻፈው ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። አንድ አረጋዊ ገበሬና ሚስቱ ቤታቸው ውስጥ በጭካኔ ይጠቃሉ፤ ሴትየዋ ከመሞቷ በፊት ስለ ባዕድ ሰው የሚመስል ቃል ታወጣለች። ወሬው ከፖሊስ ያፈተልካል። የስደተኞች መጠለያ ይቃጠላል፤ ከገዳዮቹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሶማሌያዊ ስደተኛ ይገደላል። ኑሮውን በስዊድንና በሞዛምቢክ መካከል የከፈለው ማንኬል ይህን የጻፈው በአገሩ እያደገ የመጣው ዘረኝነት አስደንግጦት ነው። አንባቢው እዚህ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም፤ ያንን ቃል ሲሰማ እሱም በልቡ ጠርጥሯልና። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለጎረቤት ማዋስ ያንኑ ምርመራ ለጎረቤት ማቀበል ነው። ስቶክሆልም ወይም ዮተቦሪ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መጽሐፉን ለስዊድናዊ ባልደረባው ቢሰጠው ሁለቱም የሚነጋገሩበት ብዙ ነገር ያገኛሉ።

ማዋሱ ራሱ በስዊድን ክብር ያለው ነገር ነው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ከቤተ መጻሕፍት ለሚወጡ መጻሕፍት ደራሲዎችን ይክሳል፤ አንባቢው በነጻ ይዋሳል፣ ጸሐፊውም አይጎዳም። ሕጉ እንዲህ ያላሰበላቸውም አሉ፤ የደራሲው ስቲግ ላርሶን የሕይወት አጋር ኤቫ ጋብሪኤልሶን አንዷ ናት። ላርሶን እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ኤርትራ ሄዶ ሴት ታጋዮችን በቦምብ መወርወሪያ አጠቃቀም እንዳሠለጠነ እሷ ተናግራለች። ከመሄዱ በፊት ኑዛዜ ጽፎ ነበር፤ ምስክር ስላልፈረመበት ግን አልጸናም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 በድንገተኛ የልብ ሕመም ሲሞት ዝነኛ ያደረጉት ሦስት መጻሕፍት ገና አልታተሙም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል አብራው የኖረችው ጋብሪኤልሶን በጋብቻ ስላልተሳሰሩ ከውርሱ ምንም አልደረሳት፤ ሀብቱ ለአባቱና ለወንድሙ ሆነ። በሕግ ትክክል ቢሆንም ፍትሕ አይደለም።

የላርሶን መጻሕፍት ሌላም ፈተና አላቸው። በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለማውገዝ የተጻፉ ናቸው፤ ጥቃቱን ግን በዝርዝር ያሳያሉ። ቁስሉ በራሷ ላይ ለደረሰ ሴት እነዚያ ገጾች የታሪክ ማጣፈጫ አይደሉም። «መጨረሻውን አልነግርሽም» የሚለው መልካም ልማድ እዚህ ላይ ወሰን ሊኖረው ይገባል። የገዳዩን ማንነት መደበቅ የአንባቢን ደስታ መጠበቅ ነው፤ ውስጡ ያለውን ጭካኔ መደበቅ ግን ወዳጅን ሳያዘጋጁ ገደል አፋፍ ላይ ማቆም ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የሚያውስ ሰው ምን ዓይነት ጥቃት እንደተጻፈበት አስቀድሞ ይናገር፤ ተቀባዩም «አሁን አልችልም» ብሎ ቢመልስለት አይቀየም፣ ለምን ብሎም አይጠይቅ።