ሶላሩን ያጥፉልን

አንድ የኅዳር ምሽት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከቁንዝላ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ግቢ ውስጥ ካሜራ ተክለን ተቀምጠናል። “ተክለን” ማለቴ ለወግ ያህል ነው፤ የተከለው ወዳጄ ነው። እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ፣ ያውም የጠፋ ባትሪ። በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከጣና ማዶ፣ የባሕር ዳር መብራት አድማሱን ትንሽ ያነጣዋል። የቀረው ሁሉ ድቅድቅ ነው፤ ፍኖተ ሐሊብም እንደፈሰሰ ወተት ተዘርግቷል።

ወዳጄ ሰማይ ፎቶ ማንሳት ይወዳል። ጨረቃን አይደለም፤ ኔቡላ የሚባሉትን የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ከእነሱም ደብዛዛዎቹን፣ ሰው እምብዛም ያላነሳቸውን።

ታዲያ በረንዳው ላይ አንዲት የሶላር አምፖል በርታለች። ለእኛ ዓይን ኢምንት ናት፤ ለካሜራው ግን ፀሐይ ሆነችበት። ወዳጄ ሲያጉረመርም ጊዜ እኔ በዕድሜዬ ተማምኜ ወደ ባለቤቲቱ ጠጋ አልኩና “ይቅርታ፣ ለትንሽ ጊዜ ሶላሩን ያጥፉልን?” አልኳቸው።

“ኧረ ምን ገዶኝ ጋሼ! እንግዳ ካለ ይጥፋ እንጂ” ብለው አጠፉት። ያኔ ነው ከአምፖሏ ሥር ደብተር ሲከደን የሰማሁት። ለካ ልጃቸው የቤት ሥራውን እየሠራ ኖሯል።

ወዳጄ ያነጣጠረው ወደ አንድሮሜዳ ነበር። ይቺ ጋላክሲ ከመቶ ዓመት በላይ ፎቶ ስትነሳ ኖራለች፤ ከእንግዲህ አዲስ ነገር ይገኝባታል ብሎ የጠበቀ እምብዛም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ያን ሳንቲ የሚባል ፈረንሳዊ አማተር፣ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቴሌስኮፕ፣ የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ሲያነሳት ከጎኗ አንድ ግዙፍ ቅስት ብቅ አለ። ማርሴል ድሬክስለርና ዛቪዬ ስትሮትነር ከተባሉ ሌሎች ሁለት አማተሮች ጋር ሆኖ፣ ከ20 በሚበልጡ ሌሊቶች የተለቀመ ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን ተደምሮ ቅስቱ እውነት መሆኑ ታወቀ፤ ግኝቱም በጥር 2023 ይፋ ሆነ። ቅስቱ ከእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ይሁን ከአንድሮሜዳ አጠገብ ተመራማሪዎችን አከራክሯል።

(ለነገሩ አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የእነሱ “ኢትዮጵያ” የቱ አገር ነበር የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። በዚያው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለች አንዲት ኮከብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ በቀረበ ስም “ቡና” ተብላለች፤ የምትዞራት ፕላኔትም “አቦል”። ዝምድና አለን ማለት ነው።)

ደብዛዛውን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቁት የእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንኳ የአዲስ አበባ መብራት ከሥራቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የሌሊቱን ጨለማ ለመጠበቅ የተቋቋመ ማኅበር አለ። ጨለማ እዚያ ቅርስ ሆኗል። አልፈርድባቸውም፤ ብርሃን የጠገበ ሰው ጨለማ ቢናፍቅ ምን ይገርማል?

የቁንዝላ ዙሪያ ጨለማ ግን ማንም ጠብቆ ያቆየው ቅርስ አይደለም። ገና ያልደረሰ የመብራት መስመር ነው። ያውም የት? ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን በዋሻ የሚስበው ከዚሁ ከቁንዝላ አቅራቢያ ካለው የሐይቁ ዳር ነው። የጣና ውሃ ብርሃን ሆኖ የትና የት ሲሄድ የገበሬው ልጅ በሶላር ያጠናል። እኛ ደግሞ አንገታችንን ወደ ላይ ሰብረን “ወይ ሰማይ!” እንላለን።

ታዲያ ይቅር? አልልም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር “ይኼ ምን ይጠቅማል?” ለሚሉኝ ተማሪዎች መልስ አጥቼ አላውቅም፤ አሳምኜያቸው ግን አላውቅም። ሰው ለእንጀራ የማይሆነውን ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ቢቆም እሰየው ባይ ነኝ። ግን ዋጋውን ይክፈላ! ራሱ ይክፈል።

እንዴት መክፈል እንደነበረብን የገባኝ ሲነጋ ነው። መኪናችን ውስጥ የውሃ ካርቶን ነበር። ቀዶ አምፖሏን ከላይና ከጎን መከለል፣ ብርሃኑን ደብተሩ ላይ ብቻ ማሳረፍ ይቻል ነበር። አለዚያም ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ። ሁለቱም የሚያደክሙት እኛን ነው። ሴትዮዋን መጠየቅ ግን ምንም አላደከመንም፤ እምቢ እንደማይሉ እናውቃለና! ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ስንጽፍ ኖረናል። እንግዳው ምን ያህል እንደሚጨክን ስንቴ ጻፍን?

ልጁ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያላለቀውን ይጨርሳል። “ፎቶው ወጣ ጋሼ?” አለ።

ወዳጄ ደስ ብሎት ካሜራውን አሳየው። ጋላክሲዋ እንደ ጥጥ ብጣሽ ትታያለች። ቅስቱ ያለበትን ቦታ በጣቱ አመለከተው።

“እዚህ ጋ ምንም የለም እኮ።”

“በአንድ ሌሊት አይታይም። ብዙ ሌሊት ተነስቶ፣ ተደምሮ ነው።”

ልጁ ትንሽ አሰበ።

“እና ዛሬ ማታም ሶላሩን ታስጠፉናላችሁ?”