ማጥፊያ ያለው ሕመም

ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ጭናችንን የሚነካን ማን ነው? ደዋዩ ነው እንዳንል፣ እሱ ቁልፍ ከመጫን በቀር ያደረገው ነገር የለም። ስልኩ ነው ብንል ደግሞ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ሞተር ማንንም ለመንካት አላሰበችም። ይህን ጥያቄ ያነሣነው ለቀልድ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲያ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር ከቀልድ ስላለፈ ለአንባቢዎቻችን ብናቀርበው መልካም መሰለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃፕቲክስ የሚባለው ጥበብ የመዳሰስን ስሜት በመሣሪያ አማካይነት ወደ ሰው እጅ መመለስ ነው። በስልክና በጨዋታ መሣሪያ ላይ ሲውል የሚያከራክር ብዙ ነገር አላገኘንበትም። ሐኪም ቤት ሲገባ ግን ይለያል። ዳ ቪንቺ የተባለው የቀዶ ጥገና ሮቦት በ2000 በአሜሪካ ከተፈቀደ ጀምሮ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሐኪሙ የሚቆርጠውን ሥጋ በዓይኑ እያየ፣ በጣቱ ግን ሳይሰማው ሲሠራ ኖሯል። ክሩ መጥበቁን የሚያውቀው በማየት ነበር። የሥጋውን ግፊት ለእጁ የሚመልሰው ሞዴል የተፈቀደው በ2024 ነው።

«ታዲያ ምኑ ነው ፍልስፍናው? መሣሪያ መሣሪያ ነው» አለን ሕክምና የሚያጠናው ጓደኛችን፤ ላኤኔክንም ጠቀሰብን። ይህ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1816 በአንዲት ወጣት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ አሳፍሮት ወረቀት ጠቅልሎ ቢያዳምጥ፣ የልቧን ምት በባዶ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ አጥርቶ ሰማ። የሐኪም ማዳመጫ እንዲህ ተወለደ። እንግዲህ መራቁ ጠቀመ እንጂ አልጎዳም። በዚህ ተረታን።

የኋላ ኋላ ግን የፖል ብራንድን ነገር ያነበበ ሰው ከመካከላችን ተገኘ። ብራንድ በሕንድ፣ በኋላም በአሜሪካ በካርቪል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅ ሲጠግን የኖረ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። (በሽታውን ለማከም አለርት አዲስ አበባ ላይ በ1965 የተቋቋመ ስለሆነ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።) በሽታው ነርቭን ያደነዝዛል። ብዙ ጊዜ ጣት የሚያልቀው ሥጋው በራሱ ስለሚረግፍ አይደለም። ከእሳት የወረደ ጀበና እጀታውን ይዞ ሳይሰማው የሚቆይ እጅ ይቃጠላል፤ ቁስሉም ስለማያም የሚጠነቀቅለት የለም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ያልቃል።

ብራንድና ባልደረቦቹ የጠፋውን ሕመም በመሣሪያ ሊመልሱ ሞከሩ። ግፊት የሚለኩ ነገሮች ያሉበት ጓንት ሠሩ፤ ግፊቱ ሲበዛ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ያስጠነቅቃል። ሕሙማኑ ድምፁን እየሰሙ ሥራቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ስሜቱ ባልጠፋ አካላቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ተደረገ። ይኸም አልሆነም። ሊሠሩት የፈለጉት ሥራ ንዝረት እንደሚያመጣ ሲያውቁ አስቀድመው ያጠፉታል፣ ሲጨርሱ መልሰው ያበሩታል። ሙከራው ተተወ። ብራንድ ይህን ከፊሊፕ ያንሲ ጋር በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነንና እዚህ ላይ ሰዋስው ትዝ አለን። አማርኛ «አመመኝ፣ ራበኝ፣ በረደኝ» ሲል የግሡ ባለቤት ሰውየው አይደለም፤ ሰውየው ተሳቢ ነው። ሕመም ይመጣበታል እንጂ እሱ ሕመምን አያደርግም። በማጥፊያው ግን ነገሩ ተገለበጠና ሰውየው የሕመሙ ባለቤት ሆነ። ባለቤት ሲሆን ደግሞ ሕመሙ ወሬ ብቻ ሆነ፤ «እጅህ እየተጎዳ ነው» የሚል ወሬ። ወሬውንማ አላጣም፣ መጀመሪያውኑ በጆሮው ነበር። ያጣው መገደድን ነው። ለመሆኑ ማወቅ ብቻውን እጅን ከእሳት ያነሣል? ሲጋራ የሚያጨሰውን የክፍል ጓደኛችንን መጠየቅ ይበቃል።

በ2013 ሮም ላይ አንድ እጁን ያጣ የዴንማርክ ሰው ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት፣ በክንዱ ነርቮች ውስጥ በገቡ ኤሌክትሮዶች አማካይነት፣ ዓይኑ ተሸፍኖ ጠንካራውን ከለስላሳው ለየ። ለሙከራ ስለነበር ኤሌክትሮዶቹ ከአንድ ወር በኋላ ወጡ። እሱ ቢቻለው ኖሮ ባላጠፋው ነበር ብለን እናምናለን። ዳሩ ግን ለእሱ የተመለሰለት መዳሰስ እንጂ ሕመም አይደለም፤ መዳሰስን ደግሞ ማን ይጠላል!

ሕክምና አጥኚው አሁንም እጁን አልሰጠም። «ማደንዘዣስ? የሕክምና ትልቁ ስጦታ ሕመምን ማጥፋት አይደለም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን በማደንዘዣ በተኛው ሰው ራስጌ ነቅቶ የሚጠብቅ አለ፤ ማጥፊያው በሌላ ሰው እጅ ነው። ይህ መልስ ያዳነን መስሎን ነበር፤ ይልቁንስ ወደ ባሰ ጉድጓድ ከተተን። የጓንቱም ማጥፊያ በሐኪሙ እጅ ይሁን? ሰውየውን ለገዛ ጥቅሙ ሲባል በየቀኑ፣ እምቢ ሊል በማይችልበት መንገድ ማሳመም ለማን ተፈቅዶ? ተፈጥሮ ስታደርገው አንከሳትም፤ ሰው ሲያደርገው ግን ስሙ ሌላ ነው። ደግሞም ማጥፊያውን የተጫነው ሰው ሰንፎ አልነበረም፤ ሥራው መሠራት ነበረበት።

ስድስት ሆነን አመሸን። አራታችን ማጥፊያው ይነሣ አልን፤ ሁለቱ ከባለ ጓንቱ እጅ አይውጣ አሉ። ከሁለቱ አንዱ፣ ትኩስ ሻይ የያዘውን ብርጭቆ ከግራ ወደ ቀኝ እጃችን እያቀያየርን ስንይዝ አየንና «እናንተማ እጃችሁ ያቃጥላችኋል» አለን።