ከበሩ ጀርባ ያለው ልጅ

«ካምፐር!»

የስልክ ጌም የሚጫወት ሁሉ ይህን ስድብ ያውቀዋል። ካምፐር ማለት በር ጀርባ፣ ደረጃ ሥር ወይም ሣር ውስጥ ጥግ ይዞ ቁጭ የሚል፣ ሌላው ሰው ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ጠብቆ የሚጥል ተጫዋች ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ስድቡ ሁልጊዜ የሚመጣው ከሟች ነው። ገዳዩ «ታክቲክ ነው» ይላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ቃሉንም አብረው ይቀያየራሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉዳዩን የኩርፊያ ጉዳይ አድርጎ ይተወዋል። እኔ ግን ከኩርፊያው ሥር አንድ የምር ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፦ ሕጉ ያልከለከለውን ነገር በማድረግ ሰውን መበደል ይቻላል ወይ?

ጥያቄው እኛ ዘንድ ትንሽ ይከብዳል። የምጽፈው ከመካነ ሰላም ነው፤ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ወረዳ፣ ከአባይ ሸለቆ በላይ ካለው ደጋ። ካምፒንግን ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ ከ«ደፈጣ» የሚቀርብ ቃል አታገኙም። ደፈጣ ደግሞ እዚህ የጌም ቃል አይደለም። በእነዚህ ዓመታት «መንገድ ላይ ደፈጣ ነበር» ከተባለ ወደ ደሴ ሊሄድ የተነሳ ሰው ሻንጣውን መልሶ ያስቀምጣል። ልጇ ስልኩ ላይ አጎንብሶ «አድፍጬ ጣልኩት!» እያለ ሲጮህ የምትሰማ እናት ፊቷ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የከተማችን ስም ትርጉሙ የሰላም ቦታ ማለት መሆኑን ባልጠቅስ ይሻል ነበር።

ለዚህም ይመስለኛል ክርክሩ ሲነሳ ሁለቱም ወገን ወዲያው ጦርነት የሚጠቅሰው። አንዱ «ወንድ ከሆንክ ፊት ለፊት ና» ይላል። ሌላው «አርበኞች ጣሊያንን መከራ ያበሉት በደፈጣ አይደል እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። የሁለተኛው ነገር እውነት ነው። ከእኛ ማዶ፣ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ፣ በላይ ዘለቀ አውሮፕላንና መድፍ ካለው ጦር ጋር ሲዋጋ የኖረው ሜዳ ላይ ተሰልፎ አልነበረም። ገደሉን፣ ጫካውንና ሌሊቱን ይዞ ነው። ካምፐር ብሎ የሰደበው የለም።

«ፊት ለፊት ና» የሚለውም ቢሆን ታሪክ አለው፤ እሱም ሩቅ አይደለም። መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው፤ ከተማችን ውስጥ ካምፓስ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንኳ የተሰየመው በዚያ አምባ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ከፍታው ላይ ሆነው የእንግሊዝን ጦር የጓዝ በቅሎዎች ከታች አዩ። ጠባቂ የሌላቸው መሰላቸው። በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፍታቸውን ለቀው ቁልቁል ተወረወሩ። እሮጌ ላይ የጠበቃቸው ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃና ሮኬት ነበር። 700 ገደማ ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም እዚያው ቀረ። ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። እዚህ ላይ «ሃይ ግራውንድ ለቀው ረሽ አደረጉ» ብዬ በጌም ቋንቋ ብጽፍ ያስነውረኛል። ማስነወሩ ግን ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

የሚናገረውም ይህን ነው፤ ሁለቱም ምሳሌዎች ለጌም አይሆኑም። የአርበኞቹን ደፈጣ ትክክል ያደረገው ዘዴው ሳይሆን ምክንያቱ ነው፤ አገራቸው ተወሮ ነበር። ያንኑ ዘዴ ሽፍታ ገበያ በሚሄድ ነጋዴ ላይ ሲያደርገው ወንጀል ይሆናል። ድንጋዩም ያው፣ መጠበቁም ያው፣ ጠመንጃውም ያው። ጌም ውስጥ ግን ምክንያት የሚባል ነገር የለም። ቀዩ ቡድን ሰማያዊውን አልወረረውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል። ጀግንነቱም እንደዚያው ነው፦ ጀግንነት ክብር ያገኘው ነፍስ ስለሚያስይዝ ነው። ሮጦ የገባው ተጫዋች ጀግና አይደለም፤ የተቀመጠውም ፈሪ አይደለም። ሁለቱም አልጋ ላይ ተጋድመው ነው።

ምክንያቱና ጀግንነቱ ሲወጡ የሚቀረው ስምምነቱ ነው። በርናርድ ሱትስ የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታን ሲተረጉም፣ አላስፈላጊ እንቅፋትን ወዶ ለማለፍ መሞከር ነው ብሎ ነበር። የጎልፍ ኳስን ጉድጓድ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ፍላጎቱ ሰው በእጁ ይዞ ሄዶ ይጨምረው ነበር። በዱላ የሚመታው እንቅፋቱን ስለፈለገው ነው። ይህ ለእኛ ጥያቄ ይጠቅማል። ተቃዋሚዬ ለእኔ እንቅፋት እንዲሆነኝ ተስማምቻለሁ። በር ጀርባ መቀመጡም እንቅፋት ነው። ጥያቄው እንቅፋቱ የሚታለፍ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ይታለፋል። በር ጀርባ ላለ ሰው ቦምብ አለ፤ ሌላ በር አለ፤ ትቶት መሄድም አለ። ተቀማጩ የሚከፍለው ዋጋም አለ፦ ጀርባውን አያይም፣ አዲስ መሣሪያ አያነሣም፣ ቦታው አንዴ ከታወቀ አለቀለት። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ከሞታችሁ በኋላ ገዳያችሁ የት ሆኖ እንደተኮሰ መልሶ የሚያሳያችሁ ለዚህ ነው። ፐብጂ ላይ 100 ሰው በአንድ ሜዳ ሲወርድ ክቡ እየጠበበ ይመጣል፤ ቤቱን የወደደ ሰው ቤቱ ውስጥ ይቃጠላል። ካውንተር ስትራይክ ላይማ መጠበቅ ሥራ ነው። አንዱ ወገን ቦምብ ሊያጠምድ ይመጣል፣ ሌላው ቦታውን ይጠብቃል። ጠባቂውን ካምፐር ብሎ መስደብ በረኛን ከጎሉ አልወጣም ብሎ እንደመክሰስ ነው።

እንቅፋቱ የማይታለፍ ሆኖ ሲገኝም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ተጫዋቹ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ የሚባል የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሚኒያፖሊስ ሌከርስ ጋር ሲገጥም በጉልበት እንደማይችላቸው አውቆ ኳሱን ይዞ ቆመ። ያዘ፣ አቀበለ፣ ያዘ። ተመልካቹ ጮኸ። ጨዋታው 19 ለ 18 አለቀ፤ ፒስተንስ አሸነፉ። ድሉን የነጠቃቸው የለም፤ ሕግ አልጣሱምና። በ1954 ግን ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት የሚል ሕግ መጣ። የፐብጂ ክብ እንግዲህ የዚያ ሰዓት የልጅ ልጅ ነው። አሰልቺ ግን ሕጋዊ የሆነ ነገር ሲገኝ ዕዳው የሠሪው ነው፤ የተጠቀመበትን ሰው ሌባ ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ምክንያቱም ሰፈራችን ውስጥ «በዚህ ኔትወርክ ካምፕ ካላደረግን በምን እንችላለን?» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ነው። መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ ያልፋል። እናም ከጥግ ብቅ የሚለው ሰው የተቀመጠውን ወዲያው ያየዋል፤ ተቀማጩ ከድሮም እዚያው ነበርና። ተቀማጩ ግን የመጣውን የሚያየው እንቅስቃሴው ሰርቨር ደርሶ ወደ እሱ ከተላከ በኋላ ነው። ካምፐር የሚያየው ትንሽ ያለፈ ዓለም ነው ማለት ነው። ኔትወርኩ የሚያዳላው ለሚወጣው ነው! ይህን ለጓደኞቼ ስነግር ማንም አላመነኝም፤ ኔትወርኩ በየመሀሉ ጭራሽ ሲቋረጥ ሜዳ ላይ ደርቆ የሚቀረው ሯጩ ስለሆነ እነሱም ልክ ናቸው።

እስካሁን ለካምፐሩ ጠበቃ ሆኜ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን እለየዋለሁ፤ ሰው ሞቶ የሚነሳበትን ቦታ ይዞ የሚጠብቀው ላይ። ተነሣህ፣ ሞትክ፣ ተነሣህ፣ ሞትክ። እዚህ ቦምብ የለም፣ ሌላ በር የለም፣ ትቶ መሄድም የለም። የሚሞተው ሰው እየተጫወተ አይደለም፤ ሌላው ሰው የሚጫወትበት ዕቃ ሆኗል። ሁለቱ እንቅፋት ሊሆኑ ተስማምተው ነበር፤ አሁን አንዱ እንቅፋት ሌላው ኢላማ ነው። ሕጉ ዝም ስላለ ብቻ ይህ ፍትሐዊ አይሆንም።

ይህን ማንም ሳይነግረን በልጅነታችን እናውቀው ነበር። ኩኩሉ ስንጫወት የሚፈልገው ልጅ ዓይኑን ገልጦ እናቱን፣ ማለትም የሚነካውን ግድግዳ፣ ሳይለቅ ከቆመ ማንም ከተደበቀበት አይወጣም። ፈላጊው አልተሸነፈም፤ ጨዋታው ግን ሞቷል። የእኛ ሰፈር ልጆች «ራቅ በል!» ብለው ከየተደበቁበት ይጮሁ ነበር፤ በመጮሃቸው የት እንዳሉ እንደሚታወቅ እያወቁ። ጨዋታውን ለማትረፍ ራሳቸውን ያጋልጡ ነበር ማለት ነው።

ከማላውቀው ሰው ጋር በሰርቨር ስጫወት ለሰውየው ያለብኝ ዕዳ ከዚህ አያልፍም፤ መልስ የሚሰጥበት ቀዳዳ ይኑረው፣ አለቀ። እንዲዝናናልኝ አልገደድም። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፐብጂውም ፍሪ ፋየሩም አብሮ ሞተ። የተረፈው ሚኒ ሚሊሻ ነበር፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ እስከ 12 ሰው ይገባል። አንድ ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ፣ ውጭው ጉም፣ ውስጡ የሰው ትንፋሽ፣ ሁላችንም ጋቢና ጃኬት ለብሰን አግዳሚ ላይ እንደረደር ነበር። ቻርጅ የሚደረገው መብራት ሲኖር ነው፤ እናም የአንድ ሰው ባትሪ የዚያ ቀን ጨዋታው ልክ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሮኬቱ የሚወጣበትን ቦታ ለይቶ እዚያ ይቀመጥ ጀመር። ሕግ አልጣሰም። መልስ የለውም ማለትም አይቻልም፣ ሁለት ሆነው ቢመጡበት ይወድቃል። ግን ከሁላችን የሚያንስ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ እሱ በዚያ ሮኬት ዘጠኝ ጊዜ ሞተና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ምንም አላለም። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ያኔ ነው ክርክሩ የምር የሆነው። «ይልመድ፣ እኔስ ማን አሳየኝ?» አለ ባለሮኬቱ። አንዱ «ቤት ውስጥ ተዘግቶ የሚውልን ልጅ ነው ያባረርከው» አለው። የቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ ጌም ነክተው የማያውቁ ሰው፣ ከስልክ ሰሌዳው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ካርታ ስንጫወት ሁልጊዜ የሚበላ ሰው ቡና ይጋብዝ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ተስማማን፤ ተደብቆ በስናይፐር መጠበቅ ይፈቀዳል፣ የሮኬቱን ቦታ ይዞ መቀመጥ ግን አይፈቀድም። ልጁን ሄዶ የጠራው ባለሮኬቱ ራሱ ነው።

ሕጉ ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ጭቅጭቅ ሠራ። ከዚያ ከሌላ ሰፈር አራት ልጆች መጡና አንደኛው ሮኬቱ ጋ ተቀመጠ። ስንጮህበት «ይሄ ሕግ የት ነው የተጻፈው?» አለ። ልክ ነው፣ የትም አልተጻፈም፤ እሱ ያልገባበትን ስምምነት አፍርሰሃል ልንለው አንችልም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሕጉን ይናገራል፤ ያልተስማማ ከሆትስፖቱ ይወጣል። እስካሁን የወጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪዬ አልቆ ነው ብሏል።